በረገፈ ቅጠል ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ጊንጦች እንዴት ሊታወቁ ቻሉ? ስለ አመዳደባቸው ታሪክ

ጊንጥ ሲባል በአብዛኞቻችን ሕሊና የሚሣለው በቆላ አገር ከድንጋይ ሥር ወይም ከካብ መካከል የሚወጣው፣ ጅራቱን ወደ ጀርባው ቀልሶ የሚጠብቀው፣ የነደፈውንም ሰው ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፍ የሚነሣው ፍጡር ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ የሚያስፈልገው ሰው የለም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ከሩቅ አይቶ ይለየዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ሌላ ዓይነት ጊንጥ ነው። በሞቃታማው የምድር ክፍል በሚገኙ እርጥብ ደኖች ውስጥ፣ ከዛፍ ረግፎ በሚበሰብሰው ቅጠልና ከሥሩ ባለው ለስላሳ አፈር መካከል፣ ርዝመታቸው ከአንድ የጣት አንጓ የማይበልጥ ጊንጦች ይኖራሉ። ከእነርሱ ሁሉ ትንሹ በደቡብ ሜክሲኮ የተራራ ደን የተገኘ ሲሆን ከአፉ እስከ መንደፊያው ጫፍ ቢለካ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩት ግዙፎቹ ጊንጦች 20 ሴንቲ ሜትር እንደሚደርሱ ስናስታውስ በአንድ ስም የሚጠሩት የእነዚህ ፍጥረታት ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ እንገነዘባለን።

እነዚህ ጥቃቅን ጊንጦች ለመቶ ዓመት ያህል በሥነ እንስሳት መጻሕፍት ውስጥ «እምብዛም የማይገኙ» እየተባሉ ሲጠቀሱ ቆይተዋል። ይህ አነጋገር ስለ እንስሳቱ የተሰጠ ዕውቀት ይመስል ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን ስለ ሰብሳቢዎቹ አሠራር የተሰጠ ምስክርነት ሆኖ ተገኘ። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደ ቻለ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። አስቀድመን ግን ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። «ወገን» ስንል የተቀራረቡ ዝርያዎች የሚሰባሰቡበትን፣ «አስተኔ» ስንል ደግሞ የተቀራረቡ ወገኖች የሚሰባሰቡበትን የአመዳደብ ደረጃ ማለታችን ነው። ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እንደሚታወቀው የዛሬው የእንስሳት አሰያየም ሥርዓት የሚነሣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጊንጦች ሁሉ በአንድ ወገን ሥር ተጠቃለው ተቀምጠዋል። የሚታወቁት ጥቂት ስለ ነበሩ ከዚያ የበለጠ ክፍፍል አላስፈለገም። ናሙናው እየበዛ ሲሄድ ግን መለያ ምልክት መፈለግ የግድ ሆነ። ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ኮኽ በ1837 ባቀረበው ሥርዓት ጊንጦችን በዓይናቸው ቁጥር ከፈላቸው፤ ስድስት ዓይን ያላቸው በአንድ መደብ፣ ስምንት ያላቸው በሌላ፣ አሥርና ዐሥራ ሁለት ያላቸውም እንዲሁ ለየብቻቸው ተቀመጡ። ጊንጥ በጭንቅላቱ መካከል ሁለት፣ በግራና በቀኝ ጠርዝ ደግሞ ሌሎች ትናንሽ ዓይኖች ስላሉት ይህ አቆጣጠር ቀላልና ግልጽ ይመስል ነበር። በ1861 ሌላው ጀርመናዊ ቪልሄልም ፒተርስ ከዓይን ቁጥር ይልቅ በሆድ በኩል በእግሮቹ መካከል የሚገኘውን የደረት ሰሌዳ ቅርጽ መረጠ። ይህ ምልክት ከዓይን ቁጥር የተሻለ ጸንቶ የሚገኝ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግላል። ካርል ክሬፔሊን በ1899 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍም እስከዚያ ዘመን የታወቁትን ጊንጦች በሙሉ በአንድነት አቅርቦ ለብዙ ዓመታት የመስኩ ዋና መመሪያ ሆኖ ቆየ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሊቃውንት ሥርዓታቸውን ያቆሙት በአብዛኛው በዓይን በሚታይና በእጅ በሚያዝ ጊንጥ ላይ ነበር። ናሙናውን ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች የሚልኩት መንገደኞች፣ መኮንኖች፣ ነጋዴዎችና ሚስዮናውያን ድንጋይ ፈንቅለው፣ የዛፍ ቅርፊት ልጠው፣ ወይም ከቤታቸው ግድግዳ ላይ ያገኙትን በአልኮል ጠርሙስ ከተው ይልኩ ነበር። ጎንበስ ብሎ በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር የምታህል ቡናማ ነገር የሚፈልግ አልነበረም፤ ቢያገኛትም የትልቅ ጊንጥ ግልገል ናት ብሎ ይተዋታል። ከዚህም የተነሣ በመጻሕፍቱ ውስጥ የቀረው ክፍተት የተፈጥሮ ክፍተት ተደርጎ ተቆጠረ።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከዝናብ ደን ሳይሆን ከአውሮፓ ተራራ ነበር። በ1879 ፈረንሳዊው ኤዥን ሲሞን በምሥራቅ ፒሬኔ ተራሮች የተገኘ አንድ ጊንጥ ቤሊሳሪየስ ብሎ ሰየመ። ይህ ጊንጥ ዓይን የለውም። በኮኽ ሥርዓት ስድስት፣ ስምንት፣ አሥርና ዐሥራ ሁለት የሚል መደብ እንጂ «ምንም» የሚል መደብ አልተዘጋጀም። በእርግጥ በሲሞን ዘመን የዓይን ቁጥር ዋና መለያ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ቢሆንም ከአፈር በታችና ከድንጋይ ሥር ጠልቆ የሚኖር ጊንጥ ለብርሃን የተሠራውን አካል ሊያጣ እንደሚችል፣ ሲያጣም ሰው ለምደባ የተማመነበትን ምልክት ይዞ እንደሚጠፋ ያኔ ታየ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1891 ስዊድናዊው ታማርላን ቶሬል ከብራዚል ማቶ ግሮሶ የተላከለትን አንድ ትንሽና ቀጭን ጊንጥ አጥንቶ አናንቴሪስ ባልዛኒ የሚል ስም አወጣለት። የስሙ ሁለተኛ ክፍል በደቡብ አሜሪካ እየተዘዋወረ እንስሳትን ይሰበስብ ለነበረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባልዛን መታሰቢያ ነው። አናንቴሪስ አዲስ ወገን ስለ ነበረ የሚወዳደረው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሆነው ለመምህራን ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ይመስለናል። ስሙ አንድ ጊዜ መጽሐፍ ውስጥ ከገባ ወዲህ ከደቡብ አሜሪካ የትኛውም ማእዘን ትንሽ፣ ቀጭን፣ ነጠብጣብ ያለበት ጊንጥ በመጣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ «አናንቴሪስ ባልዛኒ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት ጀመር። በየጊዜው አንዳንድ ሌላ ዝርያ ቢገለጽም የአንዱ ስም ግዛት የክፍለ ዓለሙን ግማሽ ያህል ሸፈነ። የሚገርመው ደግሞ እውነተኛው ባልዛኒ በዋናነት የማእከላዊ ብራዚል የሣርና የቁጥቋጦ ምድር ነዋሪ እንጂ የዝናብ ደን እንስሳ አለመሆኑ ነው። የሜዳው ጊንጥ ስም በጫካው ጊንጦች ላይ ተጭኖ ዘጠና ዓመት ያህል ኖረ ማለት ነው።

የጫካውን ወለል የከፈተው መሣሪያ የተገኘው ጊንጥ ከሚያጠና ሰው አልነበረም። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቤርሌዜ የእርሻ ተባዮችንና በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያንን የሚመረምር ሊቅ ነበር። በ1905 ያስተዋወቀው መሣሪያ አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። ላይኛው አፉ ሰፊ፣ ታችኛው ጫፉ ጠባብ የሆነ፣ ዘይት ወደ ጠርሙስ ለመገልበጥ የምንጠቀምበትን የመሰለ ትልቅ የቆርቆሮ ፈነል ይዘጋጃል። በውስጡ ወንፊት ይዘረጋና በወንፊቱ ላይ ከደን የተሰበሰበው የቅጠል ብስባሽ ይደረጋል። ፈነሉ ዙሪያውን በሙቅ ውሃ ሲሞቅ ብስባሹ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ሙቀትና ድርቀት የማይስማማቸው እንስሳት እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይወርዱና በወንፊቱ ቀዳዳ አልፈው ከሥር በተቀመጠው የአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ይወድቃሉ። በ1918 ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን በሙቅ ውሃው ፈንታ የኤሌክትሪክ አምፖል ከላይ በመስቀል መሣሪያውን ይበልጥ አቀለለው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጫካ ደግሞ ብስባሹን በወንፊት ነፍቶ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ማንጠልጠል በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ከዋናው ጉዳይ ትንሽ ወጣ ብለን አንድ ነገር ለመምህራን ብንጠቁም አይከፋም። ይህ መሣሪያ በማንኛውም ትምህርት ቤት ከአሮጌ ቆርቆሮ፣ ከወንፊትና ከአንድ አምፖል ሊሠራ ይችላል። ከአቅራቢያ ደን የመጣ አንድ ቁና ብስባሽ ቢደረግበት በማግስቱ ከጠርሙሱ ሥር የሚገኙት ጥቃቅን ተሕዋስያን ተማሪውን ያስደንቁታል። ከእነዚህም መካከል ሁለት ጉጠት ያላት፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ጅራት ግን የሌላት እንስሳ ብትገኝ ተማሪው «ጊንጥ አገኘሁ» ብሎ ይጮኻል። ጊንጥ አይደለችም። ሐሰተኛ ጊንጥ የምትባል ራሷን የቻለች የሸረሪት መደብ አባል ናት፤ እውነተኛ ጊንጥ ምንም ያህል ቢያንስ ባለ አምስት አንጓ ጅራትና በጫፉ መንደፊያ አለው። ትንሽነት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የአፈር እንስሳት ጥናት እየተስፋፋ ሲሄድ በሌላ ፍለጋ መካከል ጊንጦች በጠርሙሱ ውስጥ መገኘት ጀመሩ። በ1966 በሙያው የነዳጅ ዘይት ጂኦሎጂስት የነበረው ኤሪክ ኬልስቪግ ዌሪንግ ስለ ትሪኒዳድና ቶባጎ ጊንጦች ባሳተመው ጥናት ማይክሮቲቲየስ የተባለ አዲስ ወገን ገለጸ፤ ስሙ ራሱ «ትንሹ ቲቲየስ» ማለት ነው። ቲቲየስ በደቡብ አሜሪካ በመርዙ የሚፈራው የታወቀ ወገን ሲሆን፣ ይህ አዲሱ ግን ሙሉ ሰውነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም። በ1974 ፈረንሳዊው ማክስ ቫሾን ከካሜሩን ደን ሊካሲዮይዴስ የተባለውን ወገን አወጣ። በ1976 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ይሠራ የነበረው ብሩኖ ላሞራል ከምሥራቃዊው ኮንጎ (በዚያን ጊዜ ዛየር ይባል ከነበረው አገር) የመጣ አንድ ጊንጥ አኬንትሮቡቱስ ሌሉፒ ብሎ ሰየመ። ስሙም የአፈር እንስሳትን በመሰብሰብ ለታወቀው ለቤልጂየማዊው ናርሲስ ሌሉፕ መታሰቢያ ነው። ላሞራል በጽሑፉ ርእስ ላይ ይህ ጊንጥ የብስባሽ ነዋሪ መሆኑን ለይቶ መጥቀሱ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። እስከዚያ ድረስ የጊንጥ መኖሪያ በጽሑፍ ሲገለጽ የአገሩ ስም ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን የተገኘበት የአፈር ድርብ የማንነቱ ክፍል ሆነ።

ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መለየት ግን ሌላ። በፈነሉ ሥር የተገኘች 11 ሚሊ ሜትር የምታህል ጊንጥ ያደገች የትንሽ ዝርያ እናት ናት ወይስ የትልቅ ዝርያ ግልገል? ጊንጥ ቆዳውን እየቀየረ በደረጃ ስለሚያድግ የግልገሉ ቀለም፣ የጉጠቱ ውፍረትና የጅራቱ መጠን ካዋቂው ይለያል። በመሆኑም በመጠንና በቅርጽ የሚመራ ሰው ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይጠብቁታል። ያደገውን ግልገል ነው ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ግልገሉን አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ይሰይመዋል። ሁለቱም ስሕተቶች በታሪኩ ውስጥ አልጠፉም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያቀረበው ከላይ የጠቀስነው ማክስ ቫሾን ነው። ቫሾን በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠራ ሲሆን የሰሜን አፍሪካን ጊንጦች በሚመለከት በሰፊው ጽፏል። በ1974 የወጣው ትልቅ ጥናቱ ግን ያተኮረው በጠጉር ላይ ነበር። በጊንጥ ሁለት የመያዣ ክንዶች ላይ ትሪኮቦትሪያ የሚባሉ ቀጫጭንና ረዣዥም ጠጉሮች አሉ። እነዚህ እንደ ሌላው ጠጉር ከቆዳው ላይ በቀጥታ የበቀሉ ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው በትንሽ ጽዋ መሰል ጉድጓድ ውስጥ ተተክለው በነፋስ እንቅስቃሴ ብቻ የሚወዛወዙ ናቸው። ጊንጡ በጨለማ ውስጥ የምትቀርብ ነፍሳትን የሚያውቀው በእነርሱ ነው። ቫሾን ጠጉሮቹ በዘፈቀደ የተበተኑ ሳይሆኑ ቁጥራቸውና ቦታቸው የተወሰነ መሆኑን አሳየ። ለእያንዳንዳቸው የፊደል ምልክት ሰጥቶ በሦስት ዓይነት መደባቸው። በመጀመሪያው ዓይነት በአንድ ክንድ ላይ 39፣ በሁለተኛው 37፣ በሦስተኛው 48 ጠጉሮች ይገኛሉ። በዓለም ላይ ብዙ ዝርያ ያለውና አደገኞቹን ጊንጦች የያዘው ቡቲዴ የተባለው አስተኔ በሙሉ በመጀመሪያው ዓይነት ይጠቃለላል። ከእስያ በስተቀር የማይታወቀው ኬሪለስ የተባለው ወገን ብቻውን ሁለተኛውን ይይዛል። የቀሩት ሁሉ በሦስተኛው ናቸው። በ1998 በመካከለኛው እስያ ሱዶካክተስ የተባለ እንግዳ ጊንጥ ተገኝቶ 35 ጠጉሮች ብቻ ስለ ነበሩት በ2001 አራተኛ ዓይነት ተጨመረ።

የዚህ ግኝት ዋና ጥቅም ለጥቃቅኖቹ ጊንጦች ነበር። ግልገሉ ከእናቱ ጀርባ ከመውረዱ በፊት የመጀመሪያ ቆዳውን ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ጊንጦች የጠጉሮቹ ቁጥር ከዕድሜ ጋር አይጨምርም። በሆዱ ሥር ያለው ማበጠሪያ መሰል አካል የጥርሶች ቁጥርም እንዲሁ ከውልደት ጀምሮ የተወሰነ ነው። ስለዚህ የ11 ሚሊ ሜትሯ ጊንጥ ግልገልም ትሁን አዋቂ የየትኛው አስተኔና ወገን እንደ ሆነች ከቆጠራው ይታወቃል። መጠኗ ሊዋሽ ይችላል፤ ቆጠራው ግን በአብዛኛው አይዋሽም። በእርግጥ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በእንዲህ ዓይነት ጊንጥ ላይ አንዱ የክንድ አንጓ ከ2 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ጠጉሩ ቢሰበር እንኳ የተተከለበትን ጽዋ በማይክሮስኮፕ ፈልጎ መቁጠር ግድ ይላል። ቫሾን በ1975 ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ በቡቲዴ ክንድ ላይ ካሉት ጠጉሮች የጥቂቶቹ አሰላለፍ ብቻ ታይቶ ወገኖቹ በሁለት ሊከፈሉ እንደሚችሉ አመለከተ። በዚህ አከፋፈል ቲቲየስ በአንደኛው፣ አናንቴሪስ በሌላኛው በኩል ተገኙ። በመልክ እንደ ትንሽና ትልቅ ወንድማማች የሚታዩት ሁለቱ የደቡብ አሜሪካ ጊንጦች እንዲህ ተለያዩ።

ይህን መሣሪያ ይዞ ወደ ቶሬል ጊንጥ የተመለሰው በቫሾን አጠገብ በፓሪስ የሠራው ብራዚላዊው ዊልሰን ሎሬንሶ ነው። ሎሬንሶ በየሙዚየሙ «ባልዛኒ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸውን ናሙናዎች አውጥቶ እንደገና መረመረ። በ1982 ባሳተመው የእርማት ጥናት በአንድ ስም የተጠቀለለው የብዙ ዝርያዎች ድብልቅ መሆኑን አስረዳ፤ በዚያው ጽሑፍም ስድስት አዳዲስ ዝርያዎችን ገለጸ። ከእነዚህ አንዱ የፈረንሳይ ጊያና ደን ነዋሪ የሆነው አናንቴሪስ ኮይኖዊ ሲሆን፣ ሴቷ ያለ ወንድ ልትወልድ እንደምትችል ኋላ የታወቀው በዚህ ዝርያ ነው። ዛሬ በአናንቴሪስ ወገን ከ80 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እንስሳቱ አልበዙም፤ በ1891ም በዚያው ነበሩ። በእኛ አስተያየት ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ፊት እንደገና ሊጣመሩ ይችሉ ይሆናል፤ በጥቂት ናሙና ላይ የተመሠረተ ስም ሁልጊዜ ጥርጣሬ ያስከትላልና። ነገር ግን ከአንድ ወደ ሰማንያ የተደረገው ጉዞ ወደ አንድ አይመለስም።

የጠጉር ቆጠራም ቢሆን ያለ ፈተና አልቀረም። ፈተናው የመጣው ከሜክሲኮ ነው። በ1968 አሜሪካዊው ሮበርት ሚቸል በምሥራቅ ሜክሲኮ ዋሻዎች የተገኙ ዓይን የሌላቸው ጊንጦችን ቲፍሎካክታስ በሚል ወገን ሰየማቸው። ዋሻ ውስጥ ዓይን አለመኖሩ ብዙ አላስገረመም። በ1977 ግን ሚቸልና ስቱዋርት ፔክ ከዚያው ወገን ሌላ ዝርያ ከዋሻ ሳይሆን በኦአሃካ ግዛት ከሚገኝ የተራራ ደን የቅጠል ብስባሽ መገኘቱን አስታወቁ። በ1988 ደግሞ ዴቪድ ሲሶም ከዚያው ግዛት የተራራ ደን የመጣውንና በጽሑፋችን መጀመሪያ ትንሹ ያልነውን ጊንጥ በሚቸል ስም ቲፍሎካክታስ ሚቸሊ ብሎ ጠራው። እነዚህ የብስባሽ ጊንጦች ዓይን የላቸውም፤ ቀለማቸው የነጣ፣ ክንዳቸውና ጅራታቸው ግን ከዋሻዎቹ ይልቅ አጠር ያለ ነው።

አንባቢ በቀላሉ እንደሚገምተው ሊቃውንቱ ለረዥም ጊዜ ያሰቡት የብስባሹ ጊንጥ መነሻ፣ የዋሻው ጊንጥ ደግሞ መድረሻ ነው ብለው ነበር። መጀመሪያ በቅጠል ሥር ኖሮ፣ ቀጥሎ ወደ አፈር ጠልቆ፣ በመጨረሻ ወደ ዋሻ ገብቶ ዓይኑን አጣ፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ በማስተማሪያ መጻሕፍትም ሲደገም የኖረ ነው። በ2010 ሎሬንሶ ፕሬንዲኒ፣ ኦስካር ፍራንኬና ቫሌሪዮ ቪኞሊ የዚህን አስተኔ ዘጠኝ ዝርያዎች በአንድ ላይ አነጻጽረው 195 የአካል ምልክቶችን መረመሩ። ጠጉሮቹን በተመለከተ ቁጥር ብቻ መቁጠሩ አላዋጣቸውም፤ በእነዚህ ጊንጦች ላይ ጠጉሮች ይጨመራሉ፣ ይጎድላሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠጉር በአንጓው ላይ የያዘውን ቦታ ከሌላው ዝርያ ተመሳሳይ ቦታ ጋር እያስተያዩ «እዚህ ያለው እዚያ ካለው ጋር አንድ ነው፤ እዚህ ጎድሏል» በማለት መዘገቡ። ከውጤቱም የብስባሹ ጊንጦች የዋሻ ነዋሪዎች ዘሮች ሆነው ተገኙ። ከዋሻ ወጥተው ወደ ደኑ ወለል የተመለሱ ናቸው ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ጊዜ በላይ ሆኗል። የጠፋው ዓይን ግን አብሯቸው አልተመለሰም።

ሌላም ምልክት በቅርቡ አዲስ ትርጉም አግኝቷል። በየሙዚየሙ ከሚገኙት የአናንቴሪስ ናሙናዎች መካከል ጅራታቸው የተቆረጠ ወንዶች ይገኙ ነበር። የጅራቱ አንጓዎችና የመንደፊያው ቅርጽ ለምደባ አስፈላጊ በመሆናቸው እንዲህ ዓይነቱ ናሙና በአያያዝ ጉድለት የተበላሸ ተደርጎ ወደ ጎን ይተው ነበር። በ2015 ካሚሎ ማቶኒና የሥራ ባልደረቦቹ ቁስሉ የዳነ ጠባሳ መሆኑን፣ ማለትም ጊንጡ ጅራቱን ያጣው በሕይወት ሳለ እንደ ሆነ አሳተሙ። የአናንቴሪስ ወንድ በጠላት ሲያዝ ጅራቱን እንደ እንሽላሊት ጥሎ ያመልጣል። እንደ እንሽላሊት ግን ጅራቱ አይተካለትም፤ ፊንጢጣውም በጅራቱ ጫፍ አካባቢ ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ ዓይነ ምድር መውጫ የለውም። ሆዱ እየተነፋ እስከ ስምንት ወር ሊኖር ይችላል፤ በዚያም ጊዜ ሴት አግኝቶ ዘር ሊተካ ይችላል። ከዚህ የምንረዳው የተበላሸ ተብሎ የሚጣል ናሙና አንዳንድ ጊዜ ከሙሉው የበለጠ እንደሚናገር ነው፤ ናሙናው ተጠብቆ ከቆየ።

ስለ መጠበቅ ከተነሣ ዕቅድ አውጪዎችን በቀጥታ የሚመለከተውን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። አንድ ዝርያ ስም ሲወጣለት ስሙ የሚታሰረው በጽሑፉ ላይ ሳይሆን በአንድ የተወሰነ ናሙና ላይ ነው። ይህ መነሻ ናሙና ይባላል። ክርክር በተነሣ ጊዜ ሁሉ የሚመለሱት ወደ እርሱ ነው። ሎሬንሶ የባልዛኒን ጉዳይ ሊፈታ የቻለው የጥንቶቹ ናሙናዎች በጠርሙሳቸው ውስጥ ስለ ቆዩለት ነው። ከቫሾን በፊት የማይቆጠር የነበረው ጠጉር ዛሬ ሊቆጠር፣ በቶሬል ዘመን ያልታሰበው ጠባሳ ዛሬ ሊነበብ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ብቻ ነው። የተጻፈው መግለጫ የሚይዘው ጸሐፊው ያን ጊዜ ሊያየው የፈለገውን ነው፤ ጠርሙሱ ግን ያላየውንም ይዞ ይቆያል።

በግንቦት 2010 በሳኦ ፓውሎ ከተማ የሚገኘው የቡታንታን ኢንስቲትዩት የናሙና ቤት ተቃጠለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እባቦችና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሸረሪቶችና ጊንጦች በዚያ ይገኙ ነበር፤ ብዙው ጠፋ። ናሙናው በአልኮል ውስጥ የሚቀመጥ በመሆኑ እሳቱ አንዴ ከተነሣ ለማጥፋት አዳጋች ነበር። ስምንት ዓመት ቆይቶ በመስከረም 2018 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ብሔራዊ ሙዚየም ተቃጠለ። በ1945 ስለ ደቡብ አሜሪካ ጊንጦች ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመው የካንዲዶ ደ ሜሎ ሌይታዎ መነሻ ናሙናዎች ከብዙ ሌሎች ጋር በዚያ ይጠበቁ ነበር። ሁለቱም ቤቶች የመንግሥት ተቋማት ሲሆኑ በዓለም የታወቁ ነበሩ። ለጥቂት ጠርሙሶች ሲባል የእሳት መከላከያ በጀት መጠየቅ በየትኛውም አገር አስቸጋሪ መሆኑን ይህን መጽሔት የሚያነቡ ሁሉ የሚያውቁት ነው።

የመነሻ ናሙና ሲጠፋ የአሰያየም ደንቡ ተተኪ እንዲመረጥ ይፈቅዳል። ተተኪው ግን በተቻለ መጠን የመጀመሪያው ከተገኘበት ሥፍራ መምጣት አለበት። ለትልቅ ጊንጥ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ሙሉ ኑሮው በአንድ ሸለቆ የቅጠል ብስባሽ ውስጥ ለተወሰነ ጊንጥ ግን ደኑ ከተመነጠረ ብስባሹ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደርቃል፤ እንስሳውም አብሮት ይሄዳል። ከሪዮ ቃጠሎ የተረፉት አንዳንድ ናሙናዎች እሳቱ በተነሣበት ሌሊት ከቤታቸው ያልነበሩት ናቸው፤ በውሰት ወደ ሌላ ሙዚየም ተልከው በአንድ ተመራማሪ ጠረጴዛ ላይ ሊመለሱ ሲገባ ሳይመለሱ ቆይተው ነበር።